መመለሻ የሌለው ቤት

ይህን የምጽፈው ኮድ ስንጽፍ ፀጉራችን ለሸበተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ፣ ገሚሳችን በሱዳን በኩል ገሚሳችን በትምህርት ዕድል አሜሪካ ገብተን፣ ቀን ታክሲ እየነዳን ማታ ኮሌጅ እየተማርን ኮቦልና ሲ ለቀሰምነው፣ ከዚያም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በየመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ዕድሜያችንን ላሳለፍነው ወንድሞቼና እህቶቼ። ዛሬ አብዛኞቻችን ጡረታ ወጥተናል፤ የቀረነውም ደጁ ላይ ደርሰናል። እጃችን ግን አላረፈም። የቢሮውን ሥራ ወደ ቤት አምጥተነዋል። በራችን በስልክ ይከፈታል፣ ማሞቂያው በኢንተርኔት ይታዘዛል፣ ምድር ቤት ያለው ሰርቨር ቀን ከሌት ይሠራል፤ የቤተሰቡ ፎቶና ሰነድ ሁሉ እዚያው ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በየቤቱ አንድ ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ አርጅቷል።

እስቲ ሥራ ላይ የነበርንበትን ዘመን አስታውሱ። አዲስ ቨርዥን የሚወጣበት ሌሊት ቀልድ አያውቅም ነበር። በየትኛው ሰዓት ማን ምን እንደሚያደርግ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የዳታቤዙ ባካፕ መወሰዱ ብቻ አይበቃም፤ ተመልሶ መጫን መቻሉ አስቀድሞ ይሞከራል። «እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ካልተሳካ ወደ ቀድሞው እንመለሳለን» ተብሎ ሰዓት ይቆረጣል። አለቃው የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ መመለሻው ያልተጻፈለት ቨርዥን አይወጣም። እ.ኤ.አ. የ1999 የመጨረሻ ሌሊት ዓለም ርችት ሲተኩስ ብዙዎቻችን ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነበርን። ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ የሚይዙ አሮጌ ፕሮግራሞች 2000ን ከ1900 እንዳያምታቱ ዓመታት ከለፋን በኋላ፣ ያም ሆኖ ለክፉው ቀን የወረቀት ፎርም አዘጋጅተን ነበር የጠበቅነው። ብዙ ነገር ሳይበላሽ ሲነጋ ሰው «ለከንቱ ነው የጮኻችሁት» አለን። ለምን እንዳልተበላሸ እኛ እናውቃለን።

መመለሻ አለኝ ማለት ብቻውን መመለሻ እንዳልሆነም እናውቃለን። ናይት ካፒታል የተባለው የዎል ስትሪት ድርጅት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 አዲስ ኮድ ይዞ ገበያ ሲገባ፣ ከስምንት ሰርቨሮቹ ሰባቱ ላይ ጭኖ ስምንተኛው ላይ ሳይጭን ቀርቶ ነበር። በስምንተኛው ላይ ለዓመታት ሥራ ፈትቶ የቆየ አሮጌ ኮድ ነበርና፣ ገበያው ሲከፈት ነቅቶ ያለ ልክ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ጀመረ። ባለሙያዎቹ ደንግጠው ወደ ቀድሞው እንመለስ ሲሉ፣ አዲሱን ኮድ ያነሱት በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ የአንዱ ጥፋት ወደ ሌሎቹም ተዛመተ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። መመለሻው በጭንቅ ሰዓት የታሰበ እንጂ አስቀድመው የተለማመዱት አልነበረም።

አገር ቤትም ይህን የመሰለ አይተናል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ የዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው በስልክ ተዛመተ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንና ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተናገረ። ሲስተሙን ማቆም የሰዓታት ጉዳይ ሆነ። የወጣውን ብር ማስመለስ ግን ማስታወቂያ፣ ልመና፣ የስም ዝርዝርና ዛቻ ጠየቀ። ኮዱን ወደ ትናንት መመለስ ይቻላል፤ ኮዱ በሰዎች ኑሮ ላይ ያደረሰው ግን አብሮት አይመለስም።

ከሁሉ ይልቅ እንድትይዙልኝ የምፈልገው እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የሆነውን ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ ለደንበኞቹ አንዲት ትንሽ ፋይል ላከ። አዲስ ፕሮግራም እንኳ አልነበረችም፤ ፕሮግራሙ የሚያነባት የመረጃ ፋይል ነበረች። ፋይሏ እንዲነበቡ የምትጠይቃቸው የመረጃ መስኮች 21 ናቸው፤ ፕሮግራሙ የሚያቀርበው ግን 20 ብቻ ነው። ሃያ አንደኛውን ፍለጋ ከተፈቀደለት የሜሞሪ ክልል ውጭ ሲያነብ ዊንዶውስ ወደቀ። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ያችኑ ፋይል አንብቦ እንደገና ወደቀ። ኩባንያው ፋይሏን ያነሳት በ78 ደቂቃ ነው፤ ፈጣን ነው ይባል። በዚያች ጊዜ ግን፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ተመትተው ነበር። አውሮፕላን ቆመ፤ ሆስፒታል ቀጠሮ ሰረዘ፤ ዴልታ አየር መንገድ ብቻውን 7,000 ገደማ በረራ ሰረዘ። የወደቀ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ማስተካከያ መቀበል ስለማይችል፣ ሰው በየጠረጴዛው እየሄደ ፋይሏን በእጁ ማጥፋት ነበረበት።

በዚያ ቀን ከሆኑት ነገሮች ሁለቱ ስለ ቤታችን የሚነግሩን አላቸው። አንደኛው፣ ከተመቱት ደንበኞች መካከል ጠንቃቆች ነበሩ። «አዲሱ ቨርዥን በሌላው ላይ ይፈተን፤ እኛ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እንቆይ» ብለው ያዘዙ ነበሩ። ትእዛዛቸው አልጠቀማቸውም፤ ያች ፋይል «ቨርዥን» ተብላ አልተቆጠረችምና በጓሮ ገባች። ሁለተኛው፣ የብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ዲስክ በምስጢር ቁልፍ የተዘጋ ስለነበር፣ ለመጠገን የመክፈቻ ቁጥር ያስፈልግ ነበር። በአንዳንድ ቦታ የመክፈቻው ቁጥር የተቀመጠው በወደቀው ሰርቨር ውስጥ ነበር። ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ባንክና ስለ አየር መንገድ አይደለም። ያሰብኩት ስለኛ ምድር ቤት ነው።

ቢሮ ውስጥ የማንፈቅደውን በቤታችን ፈቅደናል። ሬቮልቭ የሚባለው የቤት መቆጣጠሪያ ወደ 300 ዶላር ገደማ ሲሸጥ አገልግሎቱ የዕድሜ ልክ ነው ተብሎ ነበር። የጉግል የሆነው ኔስት ድርጅቱን ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 ሰርቨሩ ተዘጋ፤ ሰው በገንዘቡ የገዛው ዕቃ እጁ ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ በጥር ብርድ፣ የኔስት ቴርሞስታቶች በሶፍትዌር ስሕተት ባትሪያቸው እያለቀ ጠፍተው ሰዎች በቀዘቀዘ ቤት ነቁ። ሕፃንና ሽማግሌ ያለበት ቤት በዚህ አገር ክረምት ማሞቂያ ሲያጣ ምን እንደሚሆን የምታውቁት ናችሁ። ኢንስቲየን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ያለ ማስታወቂያ ሰርቨሮቹን አጠፋ። በቤታቸው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ራሳቸው የሚቆጣጠሩት ደንበኞች መብራታቸው ቀጠለ፤ በድርጅቱ ሰርቨር የተማመኑት ማብሪያውን እየነኩ ቀሩ። ኋላ ድርጅቱን ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ገዝተው አስነሡት፤ ይህ ግን በየጊዜው የማይገኝ ዕድል ነው።

እኛን በቀጥታ የሚነካው ደግሞ ይኸውላችሁ። ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 የ3ጂ ኔትወርኩን ሲዘጋ፣ በዚያ መስመር ይሠሩ የነበሩ የሌባ ማንቂያዎችና አረጋውያን ወድቀው ሲቀሩ የሚጫኗቸው የእርዳታ መጥሪያዎች፣ በአዲስ ካልተተኩ በቀር፣ መሥራት አቆሙ። ዕቃው አልተበላሸም። ቁልፉ ሲጫኑት ይጫናል፣ መብራቱም ይበራ ይሆናል። የሚሰማው ብቻ የለም።

ከመካከላችን በቅርብ ዓመታት የቀበርነው አንድ ወንድም አለ። ስሙን አልጠራም። በሙያው ከብዙዎቻችን የሚበልጥ፣ ጠንቃቃ፣ ለሰው ደራሽ ነበር። ቤቱን የሠራው እንደ ትልቅ ድርጅት የኮምፒውተር ማዕከል ነው። መብራቱ፣ ማሞቂያው፣ ካሜራው፣ የመኪና ማቆሚያው በር ሁሉም የሚመሩት በአንድ ሰርቨር ነው። ዲስኮቹ እጥፍ ናቸው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካል። ሌባ ቢወስዳቸው እንዳይነበቡ ሁሉም በምስጢር ቁልፍ ተዘግተዋል። በክረምት፣ ሳይታሰብ አረፈ። በሠልስቱ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም፤ መብራቱ እሱ ባዘዘው ሰዓት ይበራል፣ ቤቱ እሱ ባዘዘው መጠን ይሞቃል። ከአርባው በኋላ ልጁ ወጪ ለመቀነስ ብሎ የአባቱን የስልክ መስመር ዘጋ። ማንም ልጅ የሚያደርገው ነው። ትንሽ ቆይቶ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን በራሱ አውርዶ ጫነና የይለፍ ቃል ጠየቀ። ቃሉን የሚያውቅ የለም። «ረስቼዋለሁ» ሲሉት የማረጋገጫ ቁጥሩን የሚልከው ወደ ተዘጋው ስልክ ነው። ሰርቨሩን አጥፍተው ሲያበሩት ደግሞ ዲስኮቹ መክፈቻ ጠየቁ።

ባለቤቱ ጠራችኝና ሄድኩ። ማሞቂያውን ተራ የግድግዳ መቆጣጠሪያ ገጥመንለት አስነሣነው። መብራቱም ተስተካከለ። ዲስኮቹን ግን ምንም ማድረግ አልቻልንም። ማንም ሊሰብረው የማይችለውን ዓይነት ቁልፍ በጥንቃቄ የመረጠው ራሱ ነበር። በዚያ ውስጥ የልጆቹ የሕፃንነት ቪዲዮ አለ። ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን እናቱ ከጎንደር በካሴት እየቀዱ በመንገደኛ የላኩለት ድምፅም አለ። ካሴቶቹን ኮምፒውተር ላይ ከገለበጣቸው በኋላ ቦታ እንዳያጣብቡ ብሎ ጥሏቸዋል። «እሱ እያለ ሁሉም በራሱ ይሠራ ነበርኮ» አለችኝ። በራሱ አልነበረም የሚሠራው። በእሱ ነበር።

እጥፍ ዲስክ ባካፕ አይደለም፤ ይህን ለወጣቶች ስንት ጊዜ አስተምረናል! አንድ ዲስክ ሲሞት ያድናል፤ የጠፋ ቁልፍ ግን ሁለቱንም እኩል ይዘጋል። ከዚህ የሚብሰው እኛው ራሳችን ብቸኛ ዲስክ መሆናችን ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሲስተም ሲገኝ «ይህ ሰው ነገ በመኪና ቢገጭስ?» ብለን ስብሰባ የጠራነው እኛ አይደለንም? ለቀብራችን በየወሩ ዕድር እንከፍላለን። አስከሬናችን አገር ቤት እንዲሄድ የምንሻም ለዚያ ተነጋግረን ጨርሰናል። ለቤታችን ግን ያዘጋጀነው የለም።

ይህን ስል «እንግዲያውስ አፕዴት የሚባል ነገር ሁሉ ይዘጋ» የምትሉ አላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ በየሰንበቴው ቡና ላይ ሰምቻችኋለሁ። እሱም ሌላ ገደል ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማስተካከያ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 አውጥቶ ነበር። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ የገባው ሜይ 12 ቀን ነው። ሁለት ወር ያህል መድኃኒቱ እያለ ያልተቀበሉት ናቸው የተመቱት፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሕሙማን እስኪመልሱ ድረስ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በኦክቶበር 2016፣ ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ሳይቀየርላቸው በየቤቱ የተሰቀሉ ካሜራዎች በስርቆት ተሰብስበው የዳይን ኩባንያን ሰርቨሮች በጥያቄ ብዛት ሲያጥለቀልቁ፣ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለሰዓታት አልከፈት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ይህን አላወቁም። ዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለግለሰቦች የተሰጠው የተጨማሪ ዓመት ጥበቃም ቀኑ የተቆረጠ ነው። በየጓዳችን ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ «ይሠራል እኮ» እያልን የባንክ ሒሳባችንን የምናይበት ከሆነ፣ ሥራ ላይ ሆነን የምንባረርበትን ጥፋት ቤት ውስጥ እየሠራን ነው።

ስለዚህ የጥበቃ ማሻሻያ ይግባ፤ ለስልክም፣ ለኮምፒውተርም፣ በተለይም ሁሉም ለሚረሳው ለራውተሩ። የራውተራችሁ አምራች ማሻሻያ መላክ ካቆመ ራውተሩ ይቀየር። ጌጥ የሆነ አዲስ ቨርዥን፣ መልክ የሚቀይር፣ አዲስ ነገር የሚጨምር፣ እሱ ይቆይ፤ ሌላው ይፈትነው። ለመተንፈሻ፣ ለሙቀት፣ ለመውጫና ለመግቢያ የሚሆን ነገር ግን በሰው ሰርቨር ላይ አይንጠልጠል። ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ የገጠማችሁ፣ የብረት ቁልፍ የሚቀበለውን ዓይነት ግጠሙ፤ ቁልፉንም ለምታምኑት ጎረቤት ስጡ። ማሞቂያው ኢንተርኔት ጠፍቶም፣ ስልክ ጠፍቶም፣ ግድግዳው ላይ በጣት ተነክቶ መነሣት አለበት። ይህን የማያደርግ ዕቃ ርካሽ ቢሆንም፣ ልጆቻችሁ ለልደታችሁ ቢያመጡላችሁም፣ መልሱት። የልጆች ስጦታ መመለስ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም መልሱት።

ስለ ቁልፍና ስለ ይለፍ ቃልም እንነጋገር። ስለ ሞት መናገር ስለምንጠላ ነው ይህ ነገር የዘገየው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ከሞታችሁ በኋላ ፋይላችሁን የሚረከብ ሰው እንድትሰይሙ ፈቅዷል፤ ያ ሰው የሞት ማስረጃና ስትሰይሙት የሚወጣውን የመክፈቻ ቁጥር ያቀርባል። ልብ በሉ፤ ፎቶና ሰነድ ይሰጡታል፣ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ግን አይሰጡትም። ጉግልም አካውንታችሁ ከሦስት እስከ አሥራ ስምንት ወር ድረስ እናንተ በመረጣችሁት ጊዜ ጸጥ ካለ፣ እናንተ ለምትሰይሟቸው እስከ አሥር ሰዎች እንዲያሳውቅና እንዲያካፍል ማዘዝ ይቻላል። ካላዘዛችሁ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካን የግል አካውንት ከነፎቶው ሊያጠፋው ይችላል። ይህን ማስተካከል ከአንድ ስኒ ቡና ጊዜ አይበልጥም። ከመካከላችን ስንቱ አድርጎታል? የጠየቅኋቸው አብዛኞቹ ዝም ነው ያሉኝ።

«ልጄ ኮምፒውተር ያውቃል» የሚለው መልስም አያረካኝም። ልጆቻችን ብልሆች ናቸው፤ ግን የእኛን ቤት አያውቁም። አንዳንዶቹ ሲያትል ናቸው፣ አንዳንዶቹ ለንደን። ሐዘን ላይ ያለ ልጅ አባቱ ሽቦውን ለምን እንዲያ እንዳዞረው እንዲመራመር መተው ጭካኔ ነው። ወረቀት ጻፉለት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉት፤ አማርኛው ለባለቤታችሁ፣ እንግሊዝኛው ለልጆቹና ለሚጠራው ኤሌክትሪሺያን። ምን የት እንዳለ፣ የቱ ቢነቀል ጉዳት እንደሌለው፣ የስልኩ መስመር ከአካውንቶቹ በፊት እንዳይዘጋ፣ የዲስኩ መክፈቻ ቁጥር በየትኛው ፖስታ እንደታሸገ። ፖስታው ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፤ አንዱን ቅጂ ሌላ ቤት አኑሩት። የካሴትና የወረቀት ፎቶ ዋናውን አትጣሉ፤ ቦታ ቢይዝ ይያዝ። ፎቶዎቹንም ያለ ምንም የይለፍ ቃል በሚከፈት ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ ለአንድ ልጅ ስጡ። ሌባ የልጅ ልጆቻችሁን የጥምቀት ፎቶ ቢያይ ምንም አይደለም።

ምድር ቤት ያለውን ሰርቨር ማጥፋት የሚገባውም ከመካከላችን አለ። ይህን ስናገር ማን እንደሚቆጣ አውቃለሁ። እጃችን ጥበብ ስለለመደ ነው የምንሠራው፤ ደስታችንም እዚያ ነው፤ አልነቅፍም። ግን ከእኛ በቀር ማንም ሊያስነሣው የማይችል ነገር ላይ የሌላ ሰው እንቅልፍና ሙቀት ሊመሠረት አይገባም። መጫወቻው መጫወቻ ይሁን፤ ቤቱ ቤት ይሁን።

ወረቀቱ ከተጻፈ በኋላ የሚቀረው ሥራ ላይ ሳለን ያልተውነው ነው፤ ልምምዱ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰርቨሩን አጥፉ፣ ራውተሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ ስልካችሁን ዘግታችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡና ሳሎን ተቀመጡ። ባለቤታችሁ ወይም አብሯችሁ የሚኖረው ሰው ወረቀቱን ብቻ ይዞ ቤቱን ያሙቅ፣ በሩን ይክፈት፣ የልጆቹን ፎቶ አውጥቶ ያሳያችሁ። ቢጠይቃችሁ አትመልሱ፤ የተደናገረበትን ቦታ ብቻ ማስታወሻ ያዙ። ወረቀቱን አርሙና በሚቀጥለው ወር ድገሙት። ከየት እንጀምር ለምትሉ፣ የመኪና ማቆሚያው በር ኤሌክትሪክ ሲጠፋ በእጅ የሚለቀቅበት ቀይ ገመድ ከሞተሩ ሐዲድ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቤታችሁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ በእጁ ይሳበው።